አንድ ቁጥር ለሰፈሩ ሁሉ

ፎቶው የክፍላቸው ግሩፕ ላይ ሲለቀቅ ቀድመው ከሳቁት አንዷ ሚጡ ነበረች። የዕረፍት ሰዓት ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ አንዱ ልጅ ከደረጃው ሥር ቁጢጥ ብሎ ስልኩን በደብተር ጋርዶ ይዟል፤ ሌሎቹ ትከሻው ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። የሴትየዋ ፊት አይታይም። የሚታየው ከኋላ በኩል አናቷ ነው፤ መሃሉ ላይ የሻይ ሳህን የሚያህል ቦታ ጭራሽ ፀጉር የለውም፣ ዙሪያውን የቀረውም ሳስቷል። ከሥሩ አንዱ «ኔትወርክ የማይሠራበት አካባቢ» ብሎ ጽፎበታል። ሚጡ ሳቋ አመለጣት።

ሳቋን ሳትጨርስ ጥግ ላይ ያለውን ነገር አየች። ፎቶው የተነሳው በመስታወት ነው፤ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል አረንጓዴ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ይታያል። ካስኩ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ሚጡ ያንን ፕላስተር ታውቀዋለች። ከሥሩ ተቀምጣ፣ ጆሮዋ እየተቃጠለ ነው ያደገችው።

ካስኩ ያለው ከእናቷ የልብስ ስፌት ቤት ጎን በሚገኘው ፀጉር ቤት ነው። እዚያ የምትሠራው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ የሚወርድ፣ ሴቶቹ ሁሉ «እንደ ራስሽ አድርጊኝ» እያሉ የሚመጡላት ፀጉር ሠሪ። ያ ፀጉር ዊግ ነበር ማለት ነው። ሚጡ ይህን አስባ ሳትጨርስ ሌላ ነገር መጣባትና ክው አለች። ፎቶው ከፀጉር ሠሪዋ ስልክ እንዴት ሊወጣ ቻለ? የዚያን ስልክ መክፈቻ ቁጥር ያወጣችላት ሚጡ ራሷ ናት።

ማንም ሳይሾማት ሚጡ የሰፈሩ የስልክ ሐኪም ከሆነች ሰንብታለች። ነገሩ የጀመረው በእናቷ ስፌት ቤት ነው። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች ስልካቸውንም ይዘው ይመጣሉ። «ሚጡዬ፣ የዚህ ድምፅ የት ገባ?»፣ «ሚጡዬ፣ ይሄ ነገር ቦታ የለም ይለኛል፤ ይኸው ኪሴ ውስጥ አይደል እንዴ ያለው?» ይሏታል። አብዛኞቹ የያዙት አንድ ዓይነት ስልክ ነው፤ ሰማያዊ ካርቶን ውስጥ የሚሸጠውን፣ ከሁሉም የሚረክሰውን። አዲስ ሲገዙ ከካርቶኑ እንኳ ሳያወጡ ለሚጡ ይሰጧታል። እሷ ታበራዋለች፣ አፖቹን ትጭናለች፣ መቆለፊያ ቁጥር ታወጣላቸዋለች።

መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዷ የየራሷን ቁጥር ነበር ያወጣችው። ሴቶቹ ግን ይረሱታል። አንዷ ደጋግማ ስትሳሳት ስልኳ ተዘግቶ የልጇ የምርቃት ፎቶ በሙሉ ጠፋባትና ስፌት ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ሚጡ ዘዴ ዘየደች። የቁጥር ሰሌዳውን የመሃል መስመር ከላይ እስከ ታች መውረድ ነው፤ በቃ፣ ጣትም አይስተውም። ይህንኑ ለአንዷ ሰጠች፣ ለሌላዋም ሰጠች፣ ቀስ በቀስ የሁሉም ሆነ። ለእያንዳንዷ ግን በጆሮዋ «ለማንም እንዳይነግሩ» ትላታለች። ስለዚህ እያንዳንዷ ቁጥሩ የእሷ ብቻ ምስጢር ይመስላታል። ስልክ ሲበላሽባቸው ቆልፈው ያመጡላታል፤ መክፈቱ የእሷ ሥራ ነውና።

ሚጡ በዚህ ዘዴዋ ትኮራ ነበር። ኩራት ደግሞ ብቻውን አይጥምምና ለቅርብ ጓደኛዋ ለቻርጀር ነገረቻት። ቻርጀር የተባለችው የስልኳ ባትሪ ሁልጊዜ አልቆ የሰው ቻርጀር ስትለምን ስለምትውል ነው። «የሰፈሩ ቁልፍ በሙሉ እዚህ ነው» ብላ ሚጡ አውራ ጣቷን አሳየቻት፤ ሁለቱም ተሳሳቁ፤ ጉዳዩ ተረሳ።

አሁን ከደረጃው ሥር ቆማ ዙሪያዋን ስታይ ቻርጀር የለችም። ስልክ ባለበት ሁሉ የማትጠፋው ቻርጀር፣ ግሩፑ በሙሉ እየሳቀ፣ የለችም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፀጉር ቤቱ መጋረጃ ተጋርዷል። በቀን ብርሃን ተጋርዶ አይታ አታውቅም። ስፌት ቤቱ ውስጥ እናቷ ማሽኑ ላይ ናት፤ ባለሱቋና ሌላ ጎረቤት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ሁሉም አይተውታል፤ የባለሱቋ ልጅ ነው ያሳያቸው። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤታቸው ደግሞ ከጀርባው ተቀምጣለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ፀጉር ሠሪዋ የሰማችው ከሁሉም በኋላ፣ አንዲት ደንበኛ ቀጠሮዋን ስትሰርዝባት ነው።

ባለሱቋ ጥፋተኛውን አግኝታለች፤ ኩባንያው ነው። ስልክ ሠሪዎቹ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያያሉ አለች። እሷ ራሷ ስለ አልጋ ከባሏ ጋር ባወራች ማግስት ስልኳ የአልጋ ማስታወቂያ አላመጣላትም? ሌላዋ ሴት ደግሞ ሰማያዊ ካርቶኖቹ ርካሽ የሆኑት ለዚህ ነው፣ ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከእኛ ገመና ነው አለች። የሚጡ እናት ስልክ ማለት መደወያ ነው የሚል አቋም ስላላት በእንዲህ ዓይነት ክርክር አትገባም። እሷን ያሳሰባት ራሷ በአንዲት ደንበኛ «እውነት ነው ወይ?» ስትባል «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብላ መመለሷ ነው። «ምን አለበት ዝም ብል» አለች መቀሷን እያስቀመጠች። «አፍ ሲያመልጥ…» ብላ ጀመረችና የተረቱ ሁለተኛ ግማሽ ስለምን እንደሆነ ትዝ ሲላት ዋጠችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ነው ተረቱ። ማንም አልጨረሰላትም።

በዚህ መሃል የጓሮው በር ተከፈተና ፀጉር ሠሪዋ ገባች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ዊጓን አላደረገችም። ያለዚያ ረጅም ፀጉር ትንሽ ሴት ሆና ታየች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ወደ ሚጡ መጣች።

«ሚጡዬ፣ አንቺ ይህን ነገር ታውቂያለሽ» አለች። «ፎቶውን ያነሳሁት ለሐኪሜ ነው። ለእሷ ብቻ ነው የላክሁት። እንዴት ወጣ?»

የሁሉም ዓይን ሚጡ ላይ አረፈ። ለወትሮው ይህ ዓይን ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን አስፈራት። 

«ኩባንያው ነው፣ አይደል ሚጡ?» አለች ባለሱቋ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ሚጡ።

እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ግን አፏ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሸመደደችውን ለቀቀው። ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር መምህሩ መረጃ ሲሾልክ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ክርክር አዘጋጅቶ ነበር፤ ሚጡ በኩባንያዎቹ ላይ ተናግራ ክፍሉ አጨብጭቦላታል። አሁን ያንኑ ደገመችው። የእጅ ባትሪ አፕ የሰው ስልክ ቁጥር ዝርዝር ምን ያደርግለታል? ሰማያዊ ካርቶኖቹስ ስልኩ ሁለት ዓመት ሲሞላው አፕዴት የሚያቆሙት ለምንድን ነው? በር ሠርቶ ሸጦ፣ ቁልፉ ሲበላሽ አዲስ ቤት ግዙ የሚል አናጢ አለ? እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ግን ውሸት ሆነ፤ ሚጡም እየተናገረች ይህን ታውቀው ነበር።

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቷ በኩራት አየቻት። ፀጉር ሠሪዋ ብቻ እንደ ደከመው ሰው ግድግዳውን ተደገፈች።

«እንግዲያው ተስፋ የለውም» አለች። «እነሱ የሚያዩት ከሆነ ከእንግዲህ ለሐኪሟም አልልክም። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ፎቶዎቹንም፣ ከእሷ ጋር የተጻጻፍነውንም፣ አፑንም አንድ ሳታስቀሪ አጥፊልኝ።»

የሚጡ እናት ሐኪሟ የት እንዳለች ጠየቀቻት። ሩቅ ናት፤ በዚህ አካባቢ የቆዳና የፀጉር ሐኪም የለም። አንድ ጊዜ ሄዳ ከታየች ወዲህ ሕክምናው በፎቶ ነው። በየሳምንቱ ትልካለች፣ ሐኪሟ አይታ የመድኃኒቱን መጠን ትነግራታለች፣ መቼ እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚቀነስ። ካቋረጠች የቀረውም እንደሚሄድ ነግራታለች። «ይሂዳ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «የሰው መሳቂያ ከመሆን ይሻላል።» በገባችበት በር ተመልሳ ወጣች።

ያን ቀን ምሳዋን እንዳልበላች ሚጡ ያወቀችው እራት ሲቀርብ ነው፤ እሱንም ሳትነካ ተነሳች። ደብተሯን ዘርግታ አንዱን ገጽ ስታገላብጥ ቆየች። ስልኮቹን በሙሉ ሰብስባ፣ ላጽዳላችሁ ብላ፣ ለእያንዳንዱ በድብቅ አዲስ ቁጥር ብታወጣስ? ግን ቁጥሩን ማወቃቸው አይቀርም፤ ለምን ተቀየረ ማለታቸውም አይቀርም። ደግሞስ አምልጦ የወጣውን ፎቶ ማን ይመልሰዋል? የእናቷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱም በዚያው ቁጥር ነው የሚከፈተው። የአክስቷም። ያቺ ልጇ የተመረቀላት ሴትም። አሁን፣ በዚህ ደቂቃ፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው የማንኛቸውንም ስልክ ሊከፍት ይችላል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ሚጡ በልቧ ታውቃለች፣ ልቧ እንዲሳሳት ግን ትለምናለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለች እናቷ።

«ፈተና አለብኝ» አለች። ይሄኛውም ውሸት ነበር።

በማግስቱ ቻርጀርን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አገኘቻት። ቻርጀር ሚጡን ገና ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ሚጡ ምንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ስሟን ብቻ ጠራች፣ ቻርጀር ራሷ አፈረጠችው። ቅዳሜ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ፣ ታጥባ ካስኩ ሥር ተቀምጣለች። የፀጉር ሠሪዋ ስልክ ዘፈን እየለቀቀ መስታወቱ ሥር ተቀምጧል። ሴትየዋ ፎጣ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

«ዘፈኑን ልቀይር ብዬ ነው፣ እመኚኝ» አለች ቻርጀር። «ሙሾ የመሰለ ነገር ነው የከፈተችው። ቁጥሩን ሞከርኩት፣ ተከፈተ። ከዚያ ጋለሪውን… እኔ እንጃ፣ ጣቴ ነው የሄደው።»

«ፎቶውንስ?»

«ለአክስቴ ልጅ ብቻ ነው የላክሁት። አይተሽ አጥፊው ብያታለሁ። ምላልኛለች።»

የአክስቷ ልጅ ምላላት ለአንዲት ጓደኛዋ ላከች፤ ጓደኛዋም አስምላ ለሌላ ላከች። በየደረጃው መሐላ ነበረ። የመጨረሻው ልጅ ሳያስምል የሁለት ትምህርት ቤት ግሩፖች ላይ ለቀቀው።

«ለምን ላክሽላት?» አለች ሚጡ።

 «ደነገጥኩ» አለች ቻርጀር። «ብቻዬን ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ለሰው ማሳየት አማረኝ። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።» ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ የሚጡንም እጅ ያዘች። ስፌት ቤቱ ውስጥ የተባለውን ሰምታለች፤ የባለሱቋ ልጅ ለክፍሉ ሁሉ አውርቶታል። «ኩባንያው ነው ብለሻቸው የለ? አሪፍ ነው፣ ተይው እንደዚያው። ኩባንያ ምን ይሆናል? አይከፋው፣ አያለቅስ። እነሱ በቀን ስንቴ ይሸጡን የለ? አንዴ ሳያደርጉት ቢታሙ ምን አለበት?»

«ሴትየዋ ሕክምናዋን ልታቆም ነው።»

«እኔ ልናገርና ከትምህርት ቤት ልባረር?» ቻርጀር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደሞ ቁጥሩን ከየት አመጣሽ ይሉኛል። ምን ልበላቸው ሚጡ? አንቺው ንገሪኝ።»

 ሚጡ ሌሊቱን ሙሉ ስትሸሸው ያደረችው ጥያቄ ይኸው ነው። ደወሉ ተደወለ። ሚጡ ዝም አለች፤ ቻርጀር ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ወሰደችውና አንገቷን አቅፋ «ይመችሽ» ብላት ሮጠች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ልጅ ናት። ሚጡ ስታለቅስ አብራ የምታለቅስ፣ እንጎቻዋን ሳይቀር ቆርሳ የምታካፍል። የምትጠላት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ያን ቀን አጠረባት። ባለሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ ለአንድ ደንበኛ ስለ ኩባንያው ታስረዳለች፤ «የእኛ ሚጡ እኮ ነች ያረጋገጠችው» ስትል ሚጡ አንገቷን ደፍታ አለፈች። በሰፈሩ ሴቶች ፊት ስሟ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ብትናገር ነገ ማን ስልኩን ይሰጣታል? እናቷስ? ስፌት ቤቱን የሚሞሉት እነዚሁ ሴቶች አይደሉም? ፎቶዎቹን አጥፍታ ዝም ብትል ማንም ምንም አያውቅም። ይህን ሁለት ጊዜ ለራሷ ነገረች።

የፀጉር ቤቱን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ካስኩ ተነቅሎ ጥግ ቆሟል። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣ የዊጓን ጫፍ ታበጥራለች። ሚጡን ስታይ ፈገግ ልትል ሞከረች።

«መጣሽልኝ?» ብላ ስልኩን እንደ ወትሮው ቆልፋ ሰጠቻት።

የሚጡ አውራ ጣት ሳታዝዘው ከላይ እስከ ታች ወረደ። ስልኩ ተከፈተ። ከሐኪሟ ጋር የተጻጻፉትን አወጣች። ፎቶዎቹ ተደርድረዋል፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ ሁሉም በዚያው መስታወት ፊት የተነሱ። ሚጡ ማየት አልፈለገችም፤ ግን ለማጥፋት መንካት አለባት፣ ለመንካት ማየት አለባት። የመጀመሪያው ላይ ባዶው ቦታ ሰፊ ነው። የመጨረሻው ላይ ጠበብ ብሏል። ከእሱ ሥር ሐኪሟ «በግራ በኩል አዲስ እየወጣ ነው። አየሽው? በርቺ፣ እንዳታቋርጪ» ብላ ጽፋለች።

በክፍሉ ግሩፕ ላይ የወጣው ይኸው የመጨረሻው ፎቶ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ የሳቀበት ፎቶ ለሴትየዋ የደስታዋ ፎቶ ነው።

ሚጡ ሙሉውን መርጣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ምልክት ነካች። ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀ።

«አጥፊው» አለች ፀጉር ሠሪዋ ወደ ሌላ እያየች። «ማየት አልፈልግም።»

ሚጡ ስልኩን ቀስ አድርጋ መስታወቱ ሥር አስቀመጠችው። 

«እትዬ፣ ኩባንያው አይደለም» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፤ ብታቆም እንደማትቀጥል ታውቅ ነበር። ቁጥሩ የፀጉር ሠሪዋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የባለሱቋም፣ የእናቷም፣ የሁሉም ያው እንደሆነ። ለእያንዳንዷ ምስጢር ነው እያለች እንደሰጠች። ከዚያም ለጓደኛዋ ቀልዳ እንደነገረቻት። ትናንት ሁሉም ሲያዩዋት ፈርታ እንደዋሸች።

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለሚጡ ይቀላት ነበር።

«ጓደኛሽ ቅዳሜ የመጣችው ናት?» አለች።

ሚጡ እግሯን አየች። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ዝምታ ደግሞ ከቻርጀር ጋር ምን እንዳደረገ አይታለች። «አዎ» አለች።

«ውኃው አቃጠለሽ ወይ፣ አልቀዘቀዘሽም ወይ እያልኩ ነው ያጠብኳት» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ስልኩን አነሳች። ሚጡ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ፀጉር ሠሪዋ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «አይ። ቁጥሩ እንዴት እንደሚቀየር በአፍሽ ንገሪኝ። አንቺ አትንኪው።»

ሚጡ ነገረቻት። የት እንደሚገባ፣ የቁልፍ ምልክቱ የቱ ጋ እንዳለ፣ መጀመሪያ የድሮውን፣ ቀጥሎ አዲሱን ሁለት ጊዜ እንደሚጠይቅ። «የልደት ዓመት እንዳያደርጉት። የማንንም ስልክ ቁጥር መጨረሻ እንዳያደርጉት» አለቻት።

«እሺ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «አሁን ፊትሽን አዙሪ።»

ሚጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጉንጯ ነደደ። የሴትየዋ ጣት የስልኩን መስታወት ሲነካ ይሰማታል፤ ቀርፋፋ ነው። ስልኩ አንዴ ጮኸ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልገጠመም ማለት ነው። ዞራ «ላሳይዎት» ማለት አማራት፤ አላለችም። ፀጉር ሠሪዋ ለብቻዋ ደግማ ጀመረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጨርቅ ሲፈታ፣ ሻሽ ወንበር ላይ ሲወድቅ ሰማች። ቀጥሎ የካሜራው ድምፅ፣ ቀጭ። አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶም ሌላ።

«ሂጂ እንግዲህ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ከኋላዋ። «ለሌሎቹ የምነግረው እኔ አይደለሁም።»

ሚጡ ሳትዞር ወጣች። በፀጉር ቤቱና በስፌት ቤቱ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃው የዋለችው ስልኳ ነዘረ። ቻርጀር ናት፤ «ተረፍን?» ትላለች፣ አጠገቡ ሁለት ልብ። ሚጡ ቆማ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ የላከችው «አልተረፍንም። ነግሬያታለሁ። ነይና አንቺም ንገሪያት» የሚለውን ነው። መልስ አልጠበቀችም፤ ስልኩን ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

ስፌት ቤቱ ሞልቷል። ዓርብ ከሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ለልክ የመጡ፣ ለወሬ የመጡ፣ ሁለቱንም አጣምረው የመጡ። ባለሱቋ ገና ስታያት ስልኳን ዘረጋችላት፤ ስክሪኑ ጥቁር፣ የተቆለፈ። ስለ ኩባንያው ሌሊት የሰማችው ነገር አለና ሚጡ እንድታይላት ትፈልጋለች።

ሚጡ እጇን አልዘረጋችም። እናቷ የአንዲት ሴት ቀሚስ ጫፍ እየሰፋች ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። በዚያ ድምፅ ላይ ተናግራ መሰማት አይቻልም። ደግሞም ሁለት ጊዜ መናገር እንደማትችል ታውቃለች።

«እማዬ» አለች፣ «ማሽኑን አንዴ አቁሚልኝ።»